ዓይናችን ሚዛን አይደለም



በዚህ ወር የቤተሰብ ገጻችን ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ከሁላችንም አፍ በየቀኑ የሚወጣ ነገር ነው። ከሰላምታ ቀጥሎ አንዳችን ለሌላችን የምንናገረው ቃል ምንድን ነው? «ተስማምቶሻል»፣ «ወፈርክ፣ አማረብህ»፣ «ምነው ከሳህ?»፣ «ምነው ወዝሽ ጠፋ?» አይደለም? ቃሉ በፍቅር ይነገራል፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ስንቱን በሽተኛ ጤነኛ፣ ስንቱን ጤነኛ በሽተኛ እንዳሰኘ ቆም ብለን አስበን እናውቃለን? እውነቱን ለመናገር እኛም አላሰብንበትም ነበር፤ አንድ አጋጣሚ እስኪያሳስበን ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሸዋል ወር፣ በሹዋሊድ ማግሥት፣ በሐረር ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ብዙ በማይርቅ አንድ ቤት ተጋብዘን ነበር። የቤቱ እመቤት ልጅ ከቶሮንቶ፣ ከካናዳ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መጥቶ ነበርና የእናቱ የአፎቻ ጓደኞች፣ ጎረቤትና ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል። ለማያውቁ አንባቢያን፣ አፎቻ ማለት ሐረሪዎች በሠርግም በሐዘንም የሚረዳዱበት፣ ከእድር ጋር የሚቀራረብ ማኅበር ነው። ቤቱ እንደ ጥንቱ የሐረሪ ቤት በቀይ አፈር የተለቀለቀ መደብ አለው። ግድግዳው በስፌትና በሳሕን አጊጧል። በስፌቶቹ መካከል ደግሞ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ወጣት ጉንጩ ሞልቷል፣ አንገቱ ደንድኗል፣ ቀበቶው ከቦርጩ በታች ወርዷል።

ከፎቶግራፉ ሥር የተቀመጠው ልጅ ግን ቀጠን ያለ ነው። እንግዶቹ አንድ ጊዜ ወደ ግድግዳው፣ አንድ ጊዜ ወደ እሱ ይመለከታሉ። «ማሻአላህ» የሚለው ቃል ከአፋቸው አልወጣም። አንዲት አሮጊት እጁን ይዘው፣ «ልጄ፣ ምን ነካህ? ካናዳ ምግብ የለም እንዴ?» አሉት። ሌላዋ፣ «ሐቂቃውን ንገረን፣ አሞህ ነበር?» አሉ። ከጓዳ የሚሰማው ሹክሹክታ ደግሞ የባሰ ነበር። እናቱ ለእንግዳ ሻይ ሊቀዱ ገብተው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየናቸው። የሰው ዓይን «ልጅሽ ሊሞት ነው» ብሎ ነግሯቸዋል።

ልጁ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ከሰማ በኋላ ከመቀመጫው ተነሣና ፎቶግራፉን በጣቱ አመለከተ። «እማ፣ በሽተኛው እሱ ነው። እኔ የተሻለኝ ነኝ» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያም ታሪኩን አወጋን። ፎቶግራፉን ሲነሣ 90 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ነው። ፎቶግራፉ ሐረር ሲደርስ ከእናቱ ጀምሮ ሁሉም «ተመስገን፣ ሰው ሆነልን» እያሉ በስልክ መርቀውታል። እሱ ግን በዚያው ሰሞን ውሃ አልጠግብ ይላል፣ ሥራ ላይ ድካም ይጥለዋል፣ ዓይኑም ይደበዝዝበታል። አብሮት የሚሠራ አንድ የህንድ ተወላጅ ሙስሊም፣ ቤተሰቡ ከጉጅራት የመጣ፣ ሁኔታውን አይቶ፣ «ወንድሜ፣ አባቴም እንደዚህ ነበር የጀመረው፤ ዛሬውኑ ተመርመር» አለው። ተመረመረ፤ ስኳር በሽታ ሆነ። መድኃኒት ጀመረ፣ እየሄደ በእግሩ መሥራት ለመደ፣ ሻዩን ያለ ስኳር አደረገ። በሁለት ዓመት 18 ኪሎ ቀነሰ። «የደም ስኳሬ ሲስተካከል ሐኪሞቹ እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። እዚህ ስደርስ ግን ለለቅሶ የመጣችሁ መሰለኝ» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ሳቃችን ግን ሐፍረት ነበረበት።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዳዩ ከአእምሯችን አልወጣ ስላለ ያነበብነውንና የጠየቅነውን ለአንባቢያን ልናካፍል ወደድን።

ዓይናችን ለምን እንዲህ ያያል?

በመጀመሪያ ለእናቶቻችን ፍትሐዊ እንሁን። መወፈርን ከደህንነት፣ መክሳትን ከመከራ ጋር ማያያዛቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። በዚህ አገር ረሃብ በተደጋጋሚ ሰውን ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ ለዓመታት የዘለቀው «ክፉ ቀን»፣ የ1973ቱ የወሎ ረሃብ፣ የ1984ቱ ድርቅ ገና ከቤተሰብ ትዝታ አልጠፉም። ሥጋ የለበሰ ሰው ማለት ክረምቱን የሚያልፍ ሰው ማለት ነበር። ሳምባ ነቀርሳ ሰውን መጥጦ ይወስድ ነበር። ኤች.አይ.ቪ. በከተሞቻችን በተስፋፋበትና መድኃኒቱ ባልነበረበት ዘመን ደግሞ «ከሳ» የሚለው ቃል ብቻውን እንደ ፍርድ ይቆጠር ነበር። እናት ልጇን ወፍሮ ስታየው «ተመስገን» ብትል ምን ይገርማል?

ዛሬም ቢሆን መቅጠን በአገራችን ያበቃለት ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 22 በመቶ ያህሉ ከሚገባው በታች ቀጫጭን ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ሊረሳ አይገባም። ነገር ግን በዚያው ጥናት ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች 8 በመቶ ደርሰዋል፤ በ2000 በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት ግን 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በከተማ ደግሞ ቁጥሩ ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ እንደ አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና ሐረሪ ያሉ የከተማ ሕዝብ የሚበዛባቸው ክልሎችም ከአገር አቀፉ አማካይ በላይ ናቸው። ዘመኑ ተለውጧል። ዓይናችን ግን የዱሮውን ዘመን እያየ ይፈርዳል።

ከህንዶች ምን እንማር?

ለዚያ ወጣት «ተመርመር» ያለው ሰው የህንድ ተወላጅ መሆኑ እንዲያው አጋጣሚ ብቻ አይደለም። ህንዶች ለሐረር እንግዳ ሕዝብ አይደሉም። ከ1887 በኋላ ወደ ከተማዋ የመጡ ህንዳውያን ነጋዴዎች የሠሯቸው ባለ ሰገነት ፎቅ ቤቶች ዛሬም በጁገል ውስጥ «የህንድ ቤት» እየተባሉ ይጠራሉ። ቱሪስት የሚጎበኘው «የራምቦ ቤት»ም የህንዳዊ ነጋዴ ሥራ ነው። ዛሬ በየመንገዱ የምንሳፈርበት ባጃጅ እንኳን ስሙ የህንድ ነው።

በዚያ አካባቢ፣ ማለትም በህንድ፣ በፓኪስታንና በባንግላዴሽ፣ እንዲሁም ከዚያ ተነሥተው ወደ እንግሊዝ፣ ካናዳና አሜሪካ በተሰደዱት ዘንድ፣ የክብደት ነገር ከእኛ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ወፍራም ልጅ «ጤነኛ» ይባላል። ደልደል ያለን ሰው በህንዲና በኡርዱ «ኻቴ ፒቴ ጋር» ልጅ ነው ይሉታል፤ «የሚበላበት የሚጠጣበት ቤት ልጅ» ማለት ነው። «ጋር» ቤት መሆኑንና ቃሉ ሐረሪዎች ቤትን ከሚጠሩበት «ጋር» ከሚለው ጋር መቀራረቡን ስንሰማ ፈገግ አልን። እንግዳ ሳህኑን ጨርሶ «በቃኝ» ቢል እንደ ስድብ ይቆጠራል፤ እናት ፍቅሯን የምትለካው በጭልፋ ነው። ይህን የማያውቅ የሐረር ሰው አለ?

የእነዚህ ሕዝቦች ስደተኞች በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በስኳር በሽታና በልብ ሕመም ሲጠቁ ሐኪሞች ምክንያቱን ይፈልጉ ጀመር። ብዙዎቹ በሽተኞች በፈረንጅ መለኪያ ወፍራም እንኳን የሚባሉ አልነበሩም። ታዲያ ምስጢሩ ምንድን ነው?

ነገሩን በቀላሉ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ላንሴት በተባለው የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ሁለት ሐኪሞች ፎቶግራፋቸውን ጎን ለጎን አወጡ። አንደኛው በህንድ የፑኔ ከተማ ሐኪም የሆኑት ዶክተር ያጅኒክ ናቸው፤ ሁለተኛው የለንደኑ ዶክተር ዩድኪን። የሁለቱም ክብደት ከቁመታቸው ጋር ሲነጻጸር ውጤቱ አንድ ዓይነት ነው፤ 22.3። በሚዛን ፊት ሁለቱም ቀጭንና ጤነኛ ናቸው። የሰውነታቸው ስብ ሲለካ ግን የእንግሊዛዊው 9.1 በመቶ፣ የህንዳዊው 21.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ! አንድ ሚዛን፣ አንድ ውጤት፣ ሁለት የተለያዩ አካላት። ስቡ የተደበቀው በሆድ ዕቃ ዙሪያና በውስጥ አካላት መካከል ነው። እንዲህ ያለው ስብ ደግሞ ኢንሱሊን የተባለው ንጥረ ነገር ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ስኳሩም ወደ ሰውነት መግባቱን ትቶ በደም ውስጥ ይከማቻል።

በዚህ የተነሣ የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ጉባኤ በዚያው በ2004 ለእስያ ሕዝቦች ጥንቃቄው ከ25 ሳይሆን ከ23 እንዲጀምር መከረ። ይህ ቁጥር የሚገኘው ክብደትን በኪሎ ወስዶ፣ ቁመትን በሜትር በራሱ አባዝቶ፣ ክብደቱን ለዚያ በማካፈል ነው። ለምሳሌ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች እህት 64 ኪሎ ስትደርስ 25 ትሆናለች፤ 59 ኪሎ ላይ ግን 23 ደርሳለች። የአምስት ኪሎ ልዩነት ነው። በእንግሊዝ አገር የጤና መመሪያ የሚያወጣው ተቋምም በ2013 ይህንኑ ዝቅተኛ ቁጥር ለእስያ ተወላጆች ብቻ ሳይሆን ለአፍሪካ ተወላጆችም እንዲያገለግል መክሯል።

እንግዲህ «የህንዶች ነገር ነው» ብለን የምናልፈው አይደለም ማለት ነው።

የእኛው ሰዎችስ?

በስደት የሄዱ ኢትዮጵያውያን ላይ የደረሰውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት በብዛት ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ከሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ሲወጡ ስኳር በሽታ ከስንት አንድ የሚታይባቸው ነበሩ። ሲያርሱና በእግራቸው ሲጓዙ የኖሩ፣ ጤፍና ጥራጥሬ የሚመገቡ ሰዎች ናቸው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ነጭ ዳቦ፣ ስኳርና ለስላሳ መጠጥ፣ መኪናና ተቀምጦ መዋል ሲመጣ በሽታው በመካከላቸው በፍጥነት ተስፋፋ። ሐኪሞችን ያስደነገጠው ደግሞ በወጣቶቻቸውና ወፍራም ባልሆኑት ላይ ጭምር መታየቱ ነው። የሄዱት ሰዎች ያው የእኛ ዘር ናቸው። የተለወጠው ኑሯቸው ነው።

ይህ ለውጥ ባሕር ማዶ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከእግር ወደ ባጃጅ የሚደረገው ጉዞም ያንኑ ያመጣል። እስቲ የራሳችንን ውሎ እንይ። ጠዋት ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር፤ ረፋድ ላይ ሻይ፤ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ከጫቱ ጋር ለስላሳና ሻይ፤ እንግዳ ሲመጣ ሐልዋና ሙሸበክ፤ ማታ ደግሞ ጫቱ የዘጋው ሆድ ሲከፈት ከባድ እራትና እንቅልፍ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ከምግብ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ቢቻል ከ25 ግራም፣ ማለትም ከስድስት የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ ይመክራል። በሦስት ማንኪያ የሚጣፍጥ ሻይ ስድስት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው 18 ማንኪያ ወሰደ። የቀኑን ሦስት እጥፍ! ለስላሳውና ሐልዋው ገና አልተቆጠረም።

በርጫን በሚመለከት ዑለማዎቻችንም ሐኪሞቻችንም ብዙ ብለዋልና እዚህ አንደግመውም። ለዛሬው ርእሳችን የሚበቃው ይህ ነው፤ ጫት ቀን የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ቃሚው ቀጭን ይመስላል፤ ሰዓታት ተቀምጦ መዋሉና ጣፋጩ ግን ሥራቸውን ይሠራሉ። ቀጭን መምሰል ከበሽታው አያድንም።

የአያቶቻችን ማዕድ እንዲህ አልነበረም። ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ፣ ከአብሽ የሚሠራው ሁልበት መረቅ፣ የማሽላ እንጀራው፣ ጎመኑና ጥራጥሬው የከተማዋ የቆየ ሀብት ናቸው። ጁገልም ቢሆን ለእግረኛ የተሠራ ከተማ ነው፤ ጠባብ መንገዶቹ መኪና አያስገቡም። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ግንብ ዙሪያው ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሸዋ በር ተነሥቶ በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በርና በፈላና በር በኩል ዞሮ ለሚመለስ ፈጣን እግረኛ አንድ ሰዓት አይፈጅም። አባቶቻችን ያወረሱን ግንብ ለጤናም ይጠቅማል ብለን አስበን ነበርን?

ወደ እናትየው እንመለስ

ያን ዕለት እንግዶቹ ሲበተኑ ልጁ ከሻንጣው የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣ። «እማ፣ አንቺም ተለኪ» አላት። እናትየው ሳቁ፤ «እኔ ምን ሆንኩ? ሁሉም ተስማምቶሻል ነው የሚለኝ» አሉ። ቁመታቸው 154 ሳንቲ ሜትር ነው። ወገባቸው በእምብርታቸው ዙሪያ ሲለካ 103 ሆነ። ልጁ፣ «ወገብ ከቁመት ግማሽ ማለፍ የለበትም፤ ያንቺ ግማሽ 77 ነው» አላቸው። እሳቸውም ነገሩን ለማቅለል፣ «እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም አላህ ይመስገን፣ በዚህ ዓመት ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ እነቃለሁ፤ ለሶላት መነሣት አላስቸገረኝም» አሉ።

ልጁ ዝም አለ። እኛም ነገሩ ገባን። ሌሊት የሚቀሰቅሳቸው ሽንት ነበር። ጥማቱም ነበረ፤ ለሙቀቱ ሰጥተውታል። የእግራቸው ጣት መደንዘዝም ነበረ፤ ለእርጅና ሰጥተውታል። ጎረቤት ሁሉ «ተስማምቶሻል» ሲላቸው እሳቸው ምን ብለው ይጠራጠሩ? በማግሥቱ ሳይቁርሱ ተመረመሩ። የደም ስኳራቸው 238 ነበር። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ጤናማ፣ ተደጋግሞ 126ና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኳር በሽታ መሆኑን ልብ ይሏል። ልጃቸው ሊሞት ነው ብለው በጓዳ ያለቀሱት እናት፣ በሽታው በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው አካል ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ምን እናድርግ?

ውድ አንባቢያን፣ ሐኪም አይደለንም፤ መድኃኒትም አናዝም። ባለሙያዎች ከሚመክሩት ግን ለቤተሰብ የሚጠቅመውን እነሆ።

አንደኛ፣ በዓይን መፍረዱን ትተን በሜትር እንለካ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለአዋቂዎች የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው፤ የወገብህ ዙሪያ ከቁመትህ ግማሽ በታች ይሁን። ለዚህ አንድ ገመድ ይበቃል። ቁመታችሁን በገመድ ለኩና ለሁለት እጠፉት፤ የታጠፈው ገመድ ወገባችሁን መዞር ካቃተው ተመርመሩ። በመኪና ግርግር ካሉት ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ሄዶ መለካትም ይቻላል! ነፍሰ ጡሮች ግን በዚህ አይለኩም።

ሁለተኛ፣ ምልክቶቹን እንወቅ። ብዙ ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ድካም፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ቶሎ የማይድን ቁስል፣ የእግር መደንዘዝ ናቸው። ሳይፈልጉትና ሳይለፉበት መክሳትም ምልክት ነው። ስለዚህ «ምነው ከሳህ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም። ጥፋቱ ያለው ከጥያቄው በኋላ በምናደርገው ላይ ነው። የከሳውን ሰው «ሰውነቱን ይመልስ» ብለን ማርና ለስላሳ እንሸከምለታለን። ሰውየው ስኳር በሽተኛ ከሆነ ምን ይዘን እንደሄድን አስቡት። በሽታው ጸጥ ብሎ ዓመታት ሊቆይ ስለሚችልም፣ ምልክት ባይኖርም ወገቡ የሰፋ ወይም በቤተሰቡ በሽታው ያለበት ሰው ቢመረመር መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ ጥቂቱ ለውጥ ብዙ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የወጣ ትልቅ ጥናት፣ በሽታው ሊይዛቸው የቀረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመራመድ ሲጥሩ አደጋው 58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በ2006 በህንድ አገር የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ክብደታቸው ብዙም ሳይቀንስ፣ በእግር መሄዳቸውና ምግባቸውን ማስተካከላቸው ብቻ አደጋውን ከሩብ በላይ ቀንሶላቸዋል። ሚዛኑ ባይንቀሳቀስም ተስፋ አትቁረጡ ማለት ነው። 150 ደቂቃ ጁገልን በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ መዞር ነው።

አራተኛ፣ ለወጣቶቻችን፣ በተለይም ለእህቶች። ከወፍራምነት አምልኮ ወደ ቅጥነት አምልኮ አትዝለሉ። በቴሌቪዥንና በስልክ የሚታየውን አካል ለመምሰል ራስን ማስራብ ሌላ በሽታ ነው። ለሠርግ ተብሎ ለመወፈር የሚዋጥ ኪኒንም አለ፤ በሱዳን ሴቶች ዴክሳሜታዞን የተባለውን መድኃኒት ለዚህ ሲወስዱ እንደሚጎዱ ሐኪሞች በተደጋጋሚ ጽፈዋል። ያ መድኃኒት ፊትን ያሳብጣል፣ የደም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

አምስተኛ፣ ረመዷን ሳይደርስ እንዘጋጅ። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ መድኃኒቱ የሚወሰድበት ሰዓትና መጠን ሊለወጥ ይችላልና። ጣትን ወግቶ የደም ስኳር መለካት ጾም እንደማያፈርስ ዑለማዎች ያስረዳሉ። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ሐኪሞች ጾሙ እንዲቋረጥ ይመክራሉ፤ ለታመመ ሰው አላህ (ሱ.ወ.) ያገራውን ሰው አያክብደው።

መጨረሻም ስለ ምላሳችን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሆድ ውስጥ ለምግብም፣ ለውሃም፣ ለትንፋሽም ስፍራ እንዲተው ማስተማራቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ በየመድረሳው ሰምተናል። ሰውን በአካሉ ማሸማቀቅ የተነቀፈ መሆኑንም እናውቃለን። ታዲያ ወፍራሟን በወፍራምነቷ፣ ቀጭኑን በቅጥነቱ ከምናነሣ፣ «ጤናህ እንዴት ነው? ተመርምረሃል ወይ?» ብንል አይሻልም? አፎቻ ሲሰበሰብ ከሻዩ ጎን ስኳሩ ለብቻው ቢቀርብና የፈለገ ብቻ ቢጨምር፣ ለእንግዳ «ጨምሪ» እያልን ከመማል ብንቆጠብ ክብራችን ይቀንሳልን? በፍጹም!

ያን ቤት ከጥቂት ወራት በኋላ ዳግመኛ ጎበኘነው። ልጁ ወደ ካናዳ ተመልሷል። እናትየው መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ፤ ከፈጅር በኋላ ከሁለት የአፎቻ ጓደኞቻቸው ጋር በግንቡ ዙሪያ ይሄዳሉ። ሌሊት ይነቃሉ ወይ ብለን ጠየቅናቸው። «አንድ ጊዜ ብቻ፤ እሱንም አስቤበት፣ ለሶላት» አሉን። ከስፌቶቹ መካከል የነበረው ፎቶግራፍ ወርዶ በቦታው ሌላ ተሰቅሏል። ቀጠን ያለው ልጃቸው በሹዋሊድ ማግሥት እናቱን አቅፎ የተነሣው ነው።

አንዲት ጎረቤት ገብተው ፎቶግራፉን አዩና በልማድ፣ «ምነው ከሳ…» ብለው ጀመሩ። እናትየው አላስጨረሷቸውም። ከመደቡ ሥር ሜትራቸውን አወጡና፣ «ነይ፣ አንቺም ተለኪ» አሏቸው።